ሶስት ሞተር ይዞ ለምን ወደቀ? ከኒዋርክ 1929 እስከ አህመዳባድ

ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም የኤር ኢንዲያ ቦይንግ 787 ከአህመዳባድ ተነስቶ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ብቻ አየር ላይ ቆይቶ የህክምና ተማሪዎች መኖሪያ ላይ ወደቀ። ጥቅምት 25 ቀን 2018 ደግሞ የዩፒኤስ ባለ ሶስት ሞተር የጭነት አውሮፕላን አሜሪካ ሉዊቪል ላይ ገና ከመሬት ሲላቀቅ ግራ ሞተሩ ተገንጥሎ ተከሰከሰ። ከሁለቱም በኋላ ሶሻል ሚዲያው ላይ ያው አንድ አይነት ክርክር ነው የተነሳው። አንዱ ወገን ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ ነው፣ ይወድቃል በቃ ይላል። ሌላው ደግሞ ዘመናዊ አውሮፕላን በአንድ ሞተር ይበራል ሲባል አልነበር እንዴ፣ ታዲያ እንዴት ወደቀ፣ የደበቁት ነገር አለ ይላል።

ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የጎደላቸውን ግማሽ ለማየት ግን በቅርቡ የሆነውን ለጊዜው ትተን ወደ ድሮው ብንመለስ ይሻላል፣ ምክንያቱም ጥያቄው እርቃኑን የወጣው ያኔ ነው፤ ሞተር ቢጠፋ እንኳን መጠባበቂያ አለው ተብሎ ሶስት ሞተር የተገጠመለት አውሮፕላን ተነስቶ ወዲያው ሞተር ጠፍቶበት ወደቀ።

## ኒዋርክ፣ ማርች 17 ቀን 1929

በፈረንጆቹ ማርች 17 ቀን 1929፣ በኛ መጋቢት 8 ቀን 1921፣ እለቱ እሁድ ነበር። ኒውዮርክ ከተማ ማዶ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ያለው የኒዋርክ አውሮፕላን ማረፊያ ረግረግ ተደልድሎ ተሰርቶ ከተከፈተ ገና ግማሽ አመት ብቻ ነው የሆነው። በዛ ዘመን አየር መንገዶች ዋና ገቢያቸው ፖስታ ማመላለስ ነበር፣ እሁድ እሁድ ግን ሰው ከፍሎ ከተማውን ከላይ አይቶ የሚመለስበት የሽርሽር በረራ ጥሩ ገንዘብ ያመጣል፣ ለአብዛኛው ተሳፋሪ ደግሞ በህይወቱ የመጀመሪያው በረራ ነው።

የኮሎኒያል ዌስተርን ኤርዌይስ ፎርድ ትራይሞተር ለዚሁ ሽርሽር 15 ሰው ይዞ ተነሳ። ገና ወደላይ እየወጣ እያለ ከሶስቱ ሞተሮች ሁለቱ ጉልበት አጡ። አውሮፕላኑ ከፍታ መጨመር አቃተው፣ ከማረፊያው አጠገብ ያለው የባቡር ሀዲድ ላይ ቆሞ የነበረ አሸዋ የተጫነ ፉርጎ መታና 14 ሰው ሞተ። እስከዛ ቀን ድረስ በአሜሪካ ምድር ይሄን ያህል ሰው የገደለ የአውሮፕላን አደጋ አልነበረም።

ፎርድ ትራይሞተር ማለት የመኪናው ፎርድ ያሰራው፣ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሰራ፣ ገላው እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተሸነሸነ አውሮፕላን ነው፣ ህዝቡም የቆርቆሮ ዝይ ይለው ነበር። አንድ ሞተር አፍንጫው ላይ፣ ሁለት ደግሞ በየክንፉ ስር፣ እያንዳንዳቸው 200 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ማስታወቂያው ሁሉ የሚያጠነጥነው በነዚህ ሶስት ሞተሮች ላይ ነበር። ፎርድ የሚለው ስም ሰዉ ዘንድ እምነት ነበረው፣ ብረቱም እምነት ነበረው፣ ሶስቱ ሞተርም እንደዛው። ለዚህ ነው አደጋው ያን ያህል ያስደነገጠው።

## ተነስቶ ወዲያው ያሉት ሰከንዶች ለምን ይከፋሉ

ሞተር 10 ሺህ ሜትር ላይ ቢጠፋና ከመሬት 50 ሜትር ላይ ቢጠፋ ለሞተሩ ያው ነው፣ ለአብራሪው ግን ሌላ አለም ነው። አውሮፕላን አየር ላይ የሚቆየው በክንፉ ነው እንጂ በሞተሩ አይደለም። ሞተር ፍጥነት ይሰጣል፣ ክንፍ ፍጥነቱን ወደ ማንሻ ሀይል ይቀይራል። ሞተር ሲጠፋ አብራሪው አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ከፍታውን በፍጥነት እየመነዘረ ይንሸራተታል። ከፍታ ማለት በዚህ ሰአት የተቀማጭ ገንዘብ እንደማለት ነው፣ ላይ ያለ ሰው ብዙ ደቂቃ የሚያስኬድ ተቀማጭ አለው፣ ገና የተነሳ ግን ኪሱ ባዶ ነው። ስለዚህ "ሞተር ከጠፋ እንደ ድንጋይ ይወድቃል" የሚለው እንደ አጠቃላይ አባባል ስህተት ነው፣ ከመሬት በተነሳበት ደቂቃ ላይ ግን ወደ እውነት ይጠጋል።

ይሄ ብቻ አይደለም። በዛች ደቂቃ ሁሉም ነገር በአብራሪው ላይ ነው የሚያብረው። ነዳጁ ገና ስላልተቃጠለ አውሮፕላኑ በጉዞው ሁሉ ከባድ የሚሆነው ያኔ ነው፣ ሞተሩ የመጨረሻ አቅሙ ላይ ስለሆነ ደካማ ነገር ካለው የሚሰበረው ያኔ ነው፣ ፍጥነቱ ደግሞ ዝቅተኛ ነው።

ፍጥነት ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድና አፍንጫው ቀና እንዳለ ሲቆይ ክንፉ ላይ ያለው አየር ከክንፉ ተላቆ ይበተንና ክንፉ መሸከም ያቆማል፣ ይሄን ነው በሙያው ስቶል የሚሉት። ሰዎች ስቶል ሲባል ሞተር መጥፋት ይመስላቸዋል፣ በመኪና ስለለመድነው ይሆናል፣ በአውሮፕላን ግን ስቶል የሚያደርገው ክንፉ ነው፣ ሞተሩ በደንብ እየሰራም ሊከሰት ይችላል።

ሌላው ነገር ወደ ኋላ የመመለስ ፍላጎት ነው። ሞተሩ የጠፋበት አብራሪ ከኋላው ማኮብኮቢያው አለ፣ ከፊቱ ቤት ወይ ዛፍ ወይ ሀዲድ። የሰው ልጅ ደመነፍስ ዙር ይላል። አውሮፕላን ግን ለመዞር ወደ ጎን መጋደል አለበት፣ ሲጋደል የክንፉ ሀይል ከፊሉ ለመዞሪያ ስለሚሄድ ላለመውደቅ የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጨምራል። 45 ዲግሪ ለተጋደለ አውሮፕላን የስቶል ፍጥነቱ 19 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፣ ያ ደግሞ ፍጥነት እያለቀበት ላለ አውሮፕላን ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ምክንያት ነው አንድ ሞተር ባለው ትንሽ አውሮፕላን ለሚማሩ ሰዎች እስከዛሬ ዝቅ ብለህ ከጠፋብህ ፊት ለፊትህ እረፍ፣ አትዙር የሚባለው።

ለንደን ክሮይደን ላይ ዲሴምበር 24 ቀን 1924 የሆነው ይሄን ያሳያል። ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ ባለ አንድ ሞተር ዲ ሀቪላንድ አውሮፕላን ወደ ፓሪስ ተነስቶ ወዲያው ችግር ገጠመው፣ አብራሪው ለማረፍ ሲሞክር ፍጥነት አጥቶ በአፍንጫው ተተከለ፣ የነበሩት 8 ሰዎች ሞቱ። እንግሊዝ በሲቪል አውሮፕላን አደጋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ የህዝብ ምርመራ ያካሄደችው በዚህ ነው፣ ክሮይደን ማረፊያም ከዛ በኋላ በፓርላማ አዋጅ እንዲሰፋ ተደረገ።

## የሞተር ብዛትና የሂሳቡ ወጥመድ

እንግዲህ አንድ ሞተር አደገኛ ከሆነ ሶስት ይሻላል ማለት ቀላል ነው። ግን ሂሳቡን እንየው፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። አንድ ሞተር በአንድ ጉዞ ላይ የመጥፋት እድሉ ከመቶ አንድ ቢሆን፣ ሶስት ሞተር ያለው አውሮፕላን ቢያንስ አንዱ የመጥፋት እድሉ ወደ ከመቶ ሶስት ይጠጋል። አውሮፕላኑ በቀሪዎቹ መብረር ከቻለ ችግር የለም። ካልቻለ ግን ሶስት ሞተር መግጠም አደጋውን ሶስት እጥፍ ማድረግ ነው። በዘመኑ የነበረው ክርክርም በደፈናው ይሄው ነበር። አሜሪካዊው አብራሪ ቻርልስ ሊንድበርግ በፈረንጆቹ 1927 አትላንቲክን ብቻውን ሲያቋርጥ ሆን ብሎ ባለ አንድ ሞተር የመረጠው በዚሁ ስሌት ነው፣ በውቅያኖስ መሀል በቀሪው ሞተር መድረስ የማይቻል ከሆነ ተጨማሪው ሞተር ተጨማሪ የመበላሻ ምክንያት ብቻ ነው ብሎ።

ታዲያ በቀሪዎቹ መብረር ለምን አቃታቸው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሞተሮቹ ጉልበት በጠቅላላ 100 ነው እንበል፣ ከዚህ ውስጥ 60ው አውሮፕላኑ ሳይወርድ ሳይወጣ ቀጥ ብሎ እንዲበር ብቻ ያልቃል። ወደላይ የሚያወጣው ትርፉ 40 ነው። አንድ ሞተር ሲጠፋ 67 ይቀራል፣ ትርፉ ከ40 ወደ 7 ወረደ ማለት ነው። ጉልበቱ በሲሶ ሲቀንስ የመውጣት አቅሙ ግን ከ80 በመቶ በላይ ጠፋ። ሁለት ሲጠፋ 33 ይቀራል፣ ይሄ ለቀጥታ በረራ ከሚያስፈልገው በታች ስለሆነ አውሮፕላኑ አብራሪው የፈለገውን ቢያደርግ መውረዱ አይቀርም። ኒዋርክ ላይ የሆነው ይሄኛው ነው። የአባይ በረሃን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወጣ መኪና ያየ ሰው ይገባዋል፣ ሜዳ ላይ ጉልበቱ ቢቀንስ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ዳገቱ ላይ ግን ትንሽ ጉልበት ሲጎድል ነው የሚቆመው፣ አውሮፕላን ደግሞ መቆም አይችልም።

በዛ ላይ የጠፋው ሞተር ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት አይደለም። የሚመጣው ንፋስ ፕሮፔለሩን በግድ ያሽከረክረዋል፣ ያ ደግሞ እንደ ፍሬን ወደ ኋላ ይጎትታል። ዛሬ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ላይ አብራሪው የፕሮፔለሩን ምላጭ አዙሮ ጠርዙን ለንፋሱ ሰጥቶ ያስቆመዋል፣ ያኔ ግን ምላጩ በአንድ ማእዘን የተጠበቀ ነበር፣ ይሄ ማዞሪያ በአየር መንገዶች ዘንድ የተስፋፋው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ከክንፎቹ አንዱ ላይ ያለው ሞተር ከጠፋ ደግሞ አንዱ ወገን እየገፋ ሌላው እየጎተተ አውሮፕላኑን ወደ ጎን ይጠመዝዘዋል፣ አብራሪው በመሪ ሲያቀናው ያም በራሱ ተጨማሪ ጉልበት ይበላል።

ከኒዋርክ ልክ በ3 ወሩ፣ ጁን 17 ቀን 1929፣ ሲቲ ኦፍ ኦታዋ የተባለው የኢምፔሪያል ኤርዌይስ ሀንድሊ ፔጅ ከክሮይደን ወደ ዙሪክ ሲሄድ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መሀል ያለው ባህር ላይ ሞተር ጠፋበት። ሁለት ሞተር ነበረው፣ አንዱ እየሰራ ነበር፣ ግን ከፍታውን መጠበቅ አልቻለም። ውሃ ላይ አረፈ፣ 7 ሰው ሞተ። በኔ እይታ ይሄኛው ከኒዋርክም በላይ ያስተምራል፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የጠፋው አንድ ሞተር ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ሞተር መጠባበቂያ ነው የሚለው ለተሳፋሪው የተነገረ ነገር እንጂ አውሮፕላኑ ሊፈጽመው የሚችለው ነገር አልነበረም።

## ተጠያቂነትና ዝምታ

የአሜሪካ መንግስት ያኔ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ አልነበረውም ማለት አይቻልም። በ1926 የወጣ ህግ በንግድ ሚኒስቴር ስር አንድ ቅርንጫፍ አቋቁሞ ነበር፣ አብራሪ ይፈትናል፣ አውሮፕላን ይመረምራል፣ አደጋም ያጣራል። ችግሩ ያጣራውን ለህዝብ በዝርዝር አለማሳወቁ ነው። የድርጅቱ ሰዎች ክርክር ባዶ አልነበረም፣ ምክንያቱን ይፋ ካደረግን ኩባንያዎቹ በየፍርድ ቤቱ ይከሰሳሉ፣ ከዛ በኋላ እውነቱን የሚነግረን አይኖርም ነው የሚሉት። በተቃራኒው ያሉት ደግሞ ምክንያቱ ካልታወቀ ሌላው አየር መንገድ ከምን ይማራል ይላሉ። ይሄ ውዝግብ በ1931 የእግር ኳስ አሰልጣኙ ክኑት ሮክኒ ከሌሎች 7 ሰዎች ጋር በካንሳስ ሲሞት ፈነዳ፣ የህዝቡ ግፊት ስለበዛ መስሪያ ቤቱ ስለ አደጋው መግለጽ ግድ ሆነበት። የዛኛው መንስኤ ሞተር ሳይሆን የእንጨት ክንፍ መሰበር ነው፣ ግን ምርመራ ለህዝብ ይገለጽ የሚለው ልማድ ስር የያዘው ከዚህ በኋላ ስለሆነ እዚህ ቦታ አለው።

## ጥያቄውን የቀየረው ደብዳቤ

ከሮክኒ አደጋ በኋላ ቲ ደብሊው ኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የእንጨት ክንፍ ያላቸውን አውሮፕላኖች መተው ነበረበት። ኦገስት 2 ቀን 1932 ሀላፊው ጃክ ፍራይ ለፋብሪካዎች አንድ ገጽ ገደማ የምትሆን ደብዳቤ ላከ፣ ሶስት ሞተር ያለው የብረት አውሮፕላን እንፈልጋለን ብሎ። ደብዳቤዋን ታሪካዊ ያደረጋት የሞተሩ ቁጥር አይደለም፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ከሶስቱ በሁለቱ ብቻ መነሳት አለበት የሚለው መስመር ነው። ጥያቄው ስንት ሞተር አለው ከሚለው አንዱ ሲጠፋ የቀረው ምን ይችላል ወደሚለው ዞረ።

ዳግላስ የተባለው ፋብሪካ በሁለት ሞተር እሰራዋለሁ ብሎ መጣ። የቲ ደብሊው ኤ የቴክኒክ አማካሪ ደግሞ ያው ባለ አንድ ሞተሩ ሊንድበርግ ነበር። እሱም ሁለት ይሁን፣ ግን አየር መንገዱ ከሚጠቀምባቸው ማረፊያዎች ሁሉ፣ ከፍታ ላይ ያሉትን ጨምሮ፣ በአንድ ሞተር መነሳት ይቻል አለ። ቁጥር በራሱ አያድንም ያለው ሰው አሁን ቁጥሩ የሚያድንበትን ሁኔታ አስቀመጠ፣ ሁለቱ አቋሞቹ አይጋጩም።

አውሮፕላኑ ዲሲ 1 ተባለ። ጁላይ 1 ቀን 1933 ሳንታ ሞኒካ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የሆነው ነገር ራሱ የዚህ ጽሁፍ ርእስ ነው። ተነስቶ አፍንጫውን ሲያቀና ሞተሮቹ ጠፉ። አብራሪው ካርል ከቨር አፍንጫውን ዝቅ ሲያደርግ ተነሱ፣ ቀና ሲያደርግ ደግሞ ይጠፋሉ። እንዲህ ዝቅ ቀና እያለ በደረጃ ከፍታ ሰብስቦ ዞሮ በሰላም አረፈ። ሲመረመር ካርቡራቶሩ ውስጥ ነዳጅ የሚመጥነው ተንሳፋፊ ወደ ኋላ ዞሮ ተገጥሟል፣ አውሮፕላኑ ሽቅብ ባለ ቁጥር ነዳጁ ይዘጋ ነበር። ሁለቱም ሞተር ላይ አንድ አይነት ስህተት ስለነበረ ሁለቱም አብረው ነው የጠፉት፣ ይሄን ነጥብ ያዙት፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በሴፕቴምበር 4 ደግሞ ዋናው ፈተና መጣ። ከአሪዞና ዊንስሎው፣ ከባህር ወለል 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ማረፊያ ተነስቶ ወዲያው አንዱን ሞተር አጠፉትና ዲሲ 1 በቀረው አንድ ሞተር ወጥቶ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ በሮ አልበከርኪ ገባ። ከዚህ አውሮፕላን ዲሲ 2፣ ከዛ ዲሲ 3 ወጣ። የዲሲ 3 ወታደራዊ ስሪት ሲ 47 ነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ በሲ 47 ነው፣ የተቋቋመውም ከቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ውል ነው። ከፍታ ላይ ላለች ሀገር የተመረጠው አውሮፕላን ዘሩ የሚመዘዘው ከዛች የ1932 ደብዳቤ ነው ማለት ነው።

## አሁን ህጉ ምን ይላል

ያኔ የአንድ አየር መንገድ ፍላጎት የነበረው ዛሬ ህግ ነው። አውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ ሲሮጥ ቪ ዋን የሚባል ፍጥነት አለ፣ ከሱ በፊት ሞተር ከጠፋ ያቆማል፣ ካለፈው በኋላ ከጠፋ በቀረው ሞተር ይነሳል። ከተነሳና ጎማውን ካጠፈ በኋላ ሁለት ሞተር ያለው በአንዱ ብቻ ቢያንስ 2.4 በመቶ፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 2.4 ሜትር፣ መውጣት አለበት፣ ሶስት ሞተር ያለው አንዱ ጠፍቶ 2.7፣ አራት ያለው 3 በመቶ። ይሄ ካልተሟላ ጭነት ይቀነሳል። ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ከባህር ወለል ሲነጻጸር 20 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም አቅማቸው ይቀንሳል፣ ማኮብኮቢያው ረጅም የሆነውና ረጅም ርቀት የሚሄድ በረራ ጭነቱ በጥንቃቄ የሚሰላው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ሻንጣ በሌላ በረራ ይመጣል ሲባል ሰው ይናደዳል፣ መናደዱም አይገርምም፣ ግን ከጀርባው አንዳንዴ ይሄ ስሌት አለ።

## ሁለቱም አብረው ሲጠፉ

እዚህ ጋር ነው ሁለተኛው ወገን፣ በአንድ ሞተር ይበራል እየተባለ እንዴት ወደቀ የሚለው፣ መልሱን የሚያገኘው። ህጉ የቆመው አንዱ ሞተር በራሱ ምክንያት ይጠፋል፣ ሌላው አይነካም በሚል ግምት ላይ ነው። አንድ ምክንያት ሁለቱንም ከነካቸው ግምቱ ይፈርሳል፣ እንደ ዲሲ 1 ካርቡራቶር።

ባህር ዳር ላይ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም የሆነው ይሄ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሲዞሩ ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ፣ ጎማው ሳይወርድ በሆዱ አረፈ፣ ተቃጠለ። ከ104 ሰው 35 ሞተ፣ 69 ተረፈ። ያን ያህል ሰው የተረፈው ሞተሮቹ ተነስቶ ወዲያው ስላልጠፉ፣ ጥቂት ከፍታና ጥቂት ደቂቃ ስለሰጧቸው ነው። ሉዊቪል ላይ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ አልቀረም፣ ከነማሰሪያው ተገንጥሎ ሄደ፣ የመጀመሪያው ምርመራ ማሰሪያው ላይ በድካም የመጣ ስንጥቅ አግኝቷል። የተገነጠለ ሞተር የጠፋ ሞተር ብቻ አይደለም፣ ሲሄድ ሌላም ነገር ሊጎዳ ይችላል፣ ስለዚህ ሶስት ሞተር እያለው እንዴት ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም።

የአህመዳባዱ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ያስቀመጠው ደግሞ እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ከተነሳ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሁለቱም ሞተር የነዳጅ ማብሪያ ማጥፊያ በአንድ ሰከንድ ልዩነት ወደ መዝጊያው ሄደ። በድምጽ መቅጃው አንዱ አብራሪ ለምን ዘጋኸው ሲል ሌላው እኔ አልዘጋሁም ይላል። ሪፖርቱ ማን ወይም ምን እንዳንቀሳቀሰው አልወሰነም። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው የአብራሪ ድርጊት ነው ብለው ጨርሰዋል፣ የአብራሪዎች ማህበራትና የቤተሰብ ጠበቆች ደግሞ የኤሌክትሪክና የማብሪያው አሰራር ሳይፈተሽ ሟች ላይ አይፈረድም ይላሉ። እኔ የሚያሳምነኝ የኋለኞቹ ጥንቃቄ ነው፣ ለአብራሪ ስለማዳላ አይደለም፣ ማብሪያው መንቀሳቀሱና ለምን እንደተንቀሳቀሰ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ ነው።

ከሪፖርቱ ብዙ ያልተወራለት ሌላ መስመር አለ። ማብሪያዎቹ ከ10 ሰከንድ ገደማ በኋላ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፣ ነዳጅ ገባ፣ ሁለቱም ሞተሮች እንደገና መቀጣጠል ጀመሩ። የአንደኛው ሞተር የመሽከርከር ፍጥነት መውረዱን አቁሞ ወደ ላይ መመለስ ጀምሮ ነበር። እዛ ሲደርስ ግን ከስር የቀረው ከፍታ አልቆ ነበር።